«ካርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት፦ ስለ ላፕቶፕ የዋይፋይ ቁልፍና ስለ ሊኑክስ ከርነል

«ካርዱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ግዛ።»

ባለፈው ዓመት አንድ ሰልጣኛችን ይህን ፍርድ ተሸክሞ ወደ ኮምፒዩተር ክፍላችን መጣ። ላፕቶፑን የገዛው ከዚሁ ከመርካቶ ነው፤ ያገለገለ፣ ነገር ግን ደህና የሚባል ዕቃ። ገንዘቡን ያጠራቀመው ሁለት ክረምት ሙሉ ልጆች እያስጠና ነው። ዊንዶውስን በፈቃድ ለመግዛት አቅሙ ስላልፈቀደ ጓደኛው በነጻ የሚገኘውን ኡቡንቱን ጫነለት። ኡቡንቱ በሊኑክስ ላይ የተሠራ ስርዓተ ክወና ነው። ሦስት ሳምንት ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ከቦርሳው አውጥቶ ሲከፍተው ዋይፋዩ የለም። የአንቴና ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ቢጫን የለም፤ ደጋግሞ ቢጫን የለም፤ አጥፍቶ ቢያስነሳው የለም። የወሰደለት ጠጋኝም ጥቂት ነካክቶ ፍርዱን ሰጠ።

ሰልጣኙ የተግባር ማስተማር ሥራውን ለመላክ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶታል። የአዲሱ ካርድ ዋጋ በእጁ ስላልነበረ የዕቁብ ዕጣው እንዲቀደምለት ሊለምን ነበር። «መምህር፣ ከመለመኔ በፊት እስቲ አንዴ ይዩልኝ» አለኝ። አየነው። ካርዱ አልተቃጠለም። ምን ሆኖ እንደነበር ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ፤ መልሱን ብቻ ብነግራችሁ የእሱን ላፕቶፕ እንጂ የእናንተን አይጠግንምና።

ሰልጣኞች፣ ይህ ነገር የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ነገ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት አራት አምስት ያገለገሉ ላፕቶፖች በቁም ሳጥን ተቆልፎባቸው ታገኙ ይሆናል። «ተበላሽተዋል» ይባላል። ማን አየና? እንዴት ታወቀ? የሚል ሰው አይገኝም። መርካቶ ደግሞ እዚያ ቅርብ አይደለም።

ሁለት መዝጊያ ያለው ሱቅ

አመሻሽ ላይ ከአንዋር መስጊድ ወደ ራጉኤል ስትሻገሩ ሱቆች ሲዘጉ ታያላችሁ። ባለቤቱ የቆርቆሮውን በር ስቦ ከውጭ ጓጉንቸር ያደርጋል። አንዳንዱ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ዕቃ የሚጠብቅ ልጅ ያድራል፤ እሱም ከውስጥ መቀርቀሪያ ይጥላል። እንግዲህ ጠዋት ልጁ መቀርቀሪያውን ቢያነሳ፣ ጓጉንቸሩ ካልተፈታ በሩ አይከፈትም። ባለቤቱ መጥቶ ጓጉንቸሩን ቢፈታ፣ ልጁ ተኝቶ ከሆነ አሁንም አይከፈትም። ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ደንበኛ ግን ሁለቱም ያው «ዝግ ነው»።

የላፕቶፕ ሬዲዮም (ዋይፋይም ብሉቱዝም ሬዲዮ ናቸው) እንደዚሁ ሁለት መዝጊያ አለው። የውጩ «ሃርድ ብሎክ» ይባላል፤ የሚዘጋውም የሚከፍተውም የሰው ጣት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ወይም የማሽኑ የራሱ ፈርምዌር ነው። የውስጡ «ሶፍት ብሎክ» ይባላል፤ እሱን የሚዘጋና የሚከፍት ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌር የውጩን ጓጉንቸር ሊፈታ አይችልም። ደጋግማችሁ ብታዙት፣ ብትቆጡት፣ እንደ ልጁ ከውስጥ በሩን ከመግፋት አያልፍም።

ይህን የሚያስተዳድረው የከርነሉ ክፍል አርኤፍኪል ይባላል፤ የሬዲዮ ሞገድ ማጥፊያ እንደ ማለት ነው። ከርነል ማለት የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ በሃርድዌሩና በምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች መካከል የተቀመጠው ክፍል ነው። የሊኑክስን ከርነል ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ከጀመረው በኋላ ለብዙ ዓመታት የእያንዳንዱ አምራች የሬዲዮ ቁልፍ በየራሱ መንገድ ነበር የሚያዘው። አርኤፍኪል በኢቮ ቫን ዶርን ተጽፎ በ2007 እ.ኤ.አ. ወደ ከርነሉ ገባ፤ በ2009 ደግሞ ዮሃንስ በርግ እንደገና ጻፈው። ዛሬ የምናየው ቅርጹ ይኸው ነው።

ለምን ሁለት መዝጊያ አስፈለገ ትሉ ይሆናል። በአውሮፕላን ውስጥ ወይም ጥንቃቄ በሚሻ የሕክምና መሣሪያ አጠገብ ሬዲዮው ጠፍቷል ሲባል በእርግጥ መጥፋት አለበት፤ ፕሮግራም ተሳስቶ እንዳያበራው። ስለዚህም ሽቦው በቀጥታ ካርዱ ላይ ይደርሳል። ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው በቆየው የካርድ ዓይነት ላይ 52 የመዳብ ጥርሶች አሉ፤ 20ኛው ለዚህ ሥራ የተመደበ ነው። በዚያ ጥርስ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ ዜሮ ሲወርድ ሬዲዮው ጸጥ ይላል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች 20ኛውን ጥርስ በቀጭን ፕላስተር ሸፍነው ካርዱ ትእዛዙን እንዳይሰማ ያደርጋሉ። ይሠራል። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን የሚደረግ አድርጌ አላየውም፤ ካርዱን ስታወጡ የአንቴናውን ቀጭን ሽቦ በጥሳችሁ በእርግጥ የተበላሸ ላፕቶፕ ልትሠሩ ትችላላችሁ።

አንዲት ጭነት የምትሄድበት መንገድ

ቁልፉን ስትጫኑ ምን እንደሚሆን እንከተል። ጭነቷን መጀመሪያ የሚቀበላት ኪቦርዱንና ባትሪውን የሚቆጣጠር በእናት ሰሌዳው ላይ ያለ ትንሽ ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ ከሦስት አንዱን ያደርጋል። አንድም ማንንም ሳይጠይቅ ሬዲዮውን ራሱ ይዘጋል። አንድም ልክ «ሀ»ን እንደመታችሁ ሁሉ በኪቦርዱ መስመር ቁጥር ይልካል። ወይም ደግሞ ኤሲፒአይ አለዚያም ደብሊውኤምአይ በሚባል የጎን በር የከርነሉን ደጃፍ ያንኳኳል። በጎን በር የመጣውን የሚረዳው የአምራቹን ቋንቋ የሚያውቅ ድራይቨር ብቻ ነው፤ ለኤችፒ ኤችፒ-ደብሊውኤምአይ፣ ለቲንክፓድ ቲንክፓድ-ኤሲፒአይ፣ ለዴል ዴል-ላፕቶፕ፣ ለአሱስ አሱስ-ኤንቢ-ደብሊውኤምአይ፣ ለሌኖቮ አይዲያፓድ አይዲያፓድ-ላፕቶፕ። እንግዲህ ያ በአንድ ማሽን ላይ የሠራ መፍትሔ በሌላው ላይ የማይሠራበት ምክንያት ይህ ነው። ሥዕሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም ቁልፉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ከዚያ ከርነሉ ለጭነቷ መደበኛ ቁጥር ይሰጣታል። የዋይፋይ ቁልፍ 238 ነው፤ ሬዲዮዎቹን በሙሉ የሚመለከተው ቁልፍ 247 ነው። ለሒሳብ ሰልጣኞች አንዲት ነገር ጣል ላድርግ፤ ኤክስ የሚባለው የቆየው የመስኮት ሥርዓት ከርነሉ በሰጠው ቁጥር ላይ 8 ይደምራል፣ ከ255 በላይም መቁጠር አይችልም። 247 ሲደመር 8፣ 255። ለጥቂት ተረፈች! 248 የተሰጣት የማይክሮፎን መዝጊያ ቁልፍ ግን ከደጅ ቀረች፤ በኤክስ ላይ ቁጥሯ ካልተቀየረላት አትሰማም።

ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ ሥራውን የሚፈጽመው ማነው? ኖም የመሰለ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ካለ «ለኔ ተወው» ይልና እሱ ይፈጽማል፤ ከሌለ ከርነሉ ራሱ ይፈጽማል። ይህ ማለት ቁልፉ በአንዱ ዴስክቶፕ ላይ ሠርቶ በሌላው ላይ ባይሠራ ካርዱም ከርነሉም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲስተምዲ የሚባለው የሊኑክስ አስነሺ፣ ማሽኑ ሲጠፋ የውስጥ መቀርቀሪያው የነበረበትን ሁኔታ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ሲነሳ ያንኑ ይመልሳል። ተዘግቶ የጠፋ ተዘግቶ ይነሳል። «አጥፍተህ አስነሳው» የሚለው የሁላችን መድኃኒት ለዚህ በሽታ አይሆንም።

ፍተሻው

ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ በራሳችን ፊደል ነው፤ በማሽኑ ላይ የሚመቱት በትንንሹ የላቲን ፊደል ነው። ተርሚናሉን ክፈቱና «አርኤፍኪል ሊስት» በሉ፤ ይኸውም አር፣ ኤፍ፣ ኬይ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል ሳይለያዩ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ኤል፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ። ማሽኑ ያሉትን ሬዲዮዎች በየስማቸው ይዘረዝርና በእያንዳንዱ ሥር ሁለት መስመር ይጽፋል፤ ሶፍት ብሎክድ፣ አዎ ወይም አይ፤ ሃርድ ብሎክድ፣ አዎ ወይም አይ። ጠጋኙ ይህን ሳያይ ነው ፍርድ የሰጠው።

ሁለቱም «አይ» ካሉና ዋይፋዩ ግን ካልሠራ፣ ችግሩ ቁልፉ አይደለም፤ ወደ ኔትወርኩ፣ ወደ የይለፍ ቃሉ፣ ወደ ራውተሩ ሂዱ። ሶፍት ብቻ «አዎ» ካለ ቀላል ነው፤ «ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ብላችሁ የይለፍ ቃላችሁን ስጡ፤ ሱዶ በአስተዳዳሪ ሥልጣን አድርገው ማለት ነው። ሃርድ «አዎ» ካለ ትእዛዙን አትድገሙ፤ እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ አንሱና የማሽኑን ጎንና ጎን ዳብሱ። የቆዩ ቲንክፓዶችና የዴል ላቲቲዩድ ማሽኖች ጫፋቸው ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል ተንሸራታች ማብሪያ አለቻቸው። በቦርሳ ውስጥ ከመጽሐፍ ጋር ስትፋተግ ትዘጋለች። እሷ ከሌለች ወደ ባዮስ ግቡና የዋይፋይ ቁልፍን የሚመለከተውን መስመር እዩ፤ ሌላው ቢቀር ባዮሱን ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ መልሱት። በኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ባዮስ ውስጥ የኔትወርክ ገመድ ሲሰካ ዋይፋዩን የሚያጠፋ ምርጫ አለ፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ገመዱን ነቅላችሁ እዩ።

በዝርዝሩ ውስጥ ዋይፋይ የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለስ? ያን ጊዜ በሩ ተዘግቶ ሳይሆን ሱቁ ራሱ ጠፍቷል። «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለው ትእዛዝ ካርዱን ካሳየ የጎደለው ድራይቨር ወይም ፈርምዌር ነው። ካላሳየ ካርዱ ተነቅሎ ወይም በእርግጥ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ግን እዚህም አትቸኩሉ። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ፣ ለምሳሌ በትንሿ የአሱስ ኢ-ፒሲ፣ ቁልፉ ሲጫን ካርዱ ከመስመሩ ላይ ጨርሶ እንደተነቀለ ሆኖ ይጠፋል፤ እንደገና ሲጫን ይመለሳል።

መዝጊያዎቹ ደህና ሆነው ቁልፉ ብቻ አልሰማ ሲል ደግሞ ጭነቷ እስከ የት እንደደረሰች እንጠይቃለን። ኢቪቴስት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። (ዋይፋይ በሌለበት እንዴት ይጫናል? ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አያይዛችሁ ኢንተርኔቱን አጋሩት።) ኢቪቴስት የመግቢያ በሮቹን ይዘረዝራል፤ አንዱን መርጣችሁ ቁልፉን ስትጫኑ ቁጥሩን ያሳያል። በኪቦርዱ በር ካልታየ በአምራቹ ድራይቨር በር ሞክሩ። በየትኛውም ካልታየ «ሱዶ ዲሜሰጅ» ብላችሁ የከርነሉን ማስታወሻ መጨረሻ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ከርነሉ «ያልታወቀ ቁልፍ ተጫኑ» ብሎ ይጽፍና ኮዱን፣ ለምሳሌ በአስራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ኤፍ8፣ ይሰጣል። እንዲያውም ደግነቱ! ምን ብላችሁ ብታዙት እንደሚያውቀው ጨምሮ ይነግራችኋል፤ «ሴትኪይኮድስ ኢ078» ብለህ ቁጥሩን ስጠኝ ይላል። 238 ብላችሁ ስትሰጡት ቁልፉ የዋይፋይ ቁልፍ ይሆናል። ይህ ግን ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ነው፤ እንዲዘልቅ ከተፈለገ ዩዴቭ በሚባለው ክፍል የቁልፎች ሰንጠረዥ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ከርነሉ ራሱ ሲሳሳት

እስካሁን ማሽኑ እውነት እንደሚናገር አድርገን ነው የመጣነው። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም።

በጣም የሚታወቀው የአይዲያፓድ ጉዳይ ነው። ድራይቨሩ ማሽኑን «ማብሪያህ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ግን ማብሪያ የሚባል ነገር ጭራሽ የላቸውም፤ ስለሌላቸው ነገር ሲጠየቁ «ዝግ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ከርነሉም አምኖ ሃርድ ብሎክድ አዎ ብሎ ይጽፋል። የሌለ ጓጉንቸር! ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በማሽኑ አካል ላይ ማብሪያ የለም፣ በዝርዝሩ ውስጥ ግን አይዲያፓድ የሚል ስም ያለው ሬዲዮ ሃርድ ብሎክድ ሆኗል። «ሱዶ ሞድፕሮብ» ብለው በሰረዝ አር ድራይቨሩን ሲያወጡት ዋይፋዩ ወዲያው ይመለሳል። ከርነል ጸሐፊዎቹ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማብሪያ የሌላቸውን ሞዴሎች ስም በድራይቨሩ ውስጥ ይመዘግቡ ጀመር፤ ዝርዝሩ ረዘመ፣ ረዘመና በኋላ ነገሩን ገለበጡት፤ አሁን የሚመዘገቡት በእርግጥ ማብሪያ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ከርነል መጫን ብቻውን መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ድራይቨሩን ለዘለቄታው ማገድም ይቻላል፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። ሌሎቹ ልዩ ቁልፎችና ባትሪው ሙሉ በሙሉ እንዳይሞላ የሚያደርገው የዕድሜ ማራዘሚያ ምርጫ አብረው ይሄዳሉ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ባትሪን የሚጠብቅ ነገር በቀላሉ አይጣልም፤ እኔ ከርነሉን ማሳደስ ይሻላል ባይ ነኝ።

በአንዳንድ የኤችፒ ማሽኖች ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። አንዲት ጭነት በሁለት መንገድ ትመጣለች፤ አንዴ በኪቦርዱ፣ አንዴ በኤችፒ የሬዲዮ ቁልፍ ድራይቨር። የመጀመሪያው ያጠፋል፣ ሁለተኛው መልሶ ያበራል። ተጠቃሚው የሚያየው ግን ምንም ያልሆነ ቁልፍ ነው። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን ማፈን ነው፤ በዩዴቭ ሰንጠረዥ ውስጥ የኪቦርዱ ኮድ «ያልታወቀ» ተብሎ ይመዘገባል። በኢቪቴስት ሁለቱንም በሮች ያላየ ሰው ይህን በምን ሊያውቅ ይችላል?

አሱስ ላይ ዋፕፍ የሚባል ቁጥር አለ፤ 0 ሲሆን ዋይፋዩን የሚያዘው ሃርድዌሩ፣ 1 ሲሆን ዋይፋዩን ሶፍትዌሩ፣ 4 ሲሆን ሁሉንም ሶፍትዌሩ። ብዙዎች 4 አድርገው ከችግራቸው ወጥተዋል። በከርነሉ ጽሑፍ ውስጥ ግን ከቁጥሮቹ አጠገብ ትርጉማቸው ገና በትክክል እንዳልታወቀ ተጽፏል። እነዚያ ሰዎች ያላወቁትን አላወቅንም ብለው መጻፋቸው ደስ ይለኛል። በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ብዙ አላጋጠመኝም።

ወደ ሰልጣኙ ላፕቶፕ

አርኤፍኪል ሊስት ስንል ሁለቱም «አዎ» አሉ። ሶፍትም ሃርድም።

ከሃርዱ ጀመርን። ሰልጣኙ ማሽኑን ሲገዛ ሻጩ ጭረቱን ለመሸፈን የሚያምር ፕላስቲክ ስቲከር ለጥፎለት ነበር፤ ጫፉ ወደ ጎኑ ታጥፏል። በጥፍሬ ስዳብስ ከስቲከሩ ሥር አንዲት እብጠት አገኘሁ። ተንሸራታቿ ማብሪያ ናት። ስቲከሩ ሲሸበሸብ ይዟት ወደ መዝጊያው ሄዷል። ቀደን አወጣናት፣ ገፋናት። ሃርድ ብሎክድ፣ አይ።

ዋይፋዩ ግን አሁንም የለም። ሰልጣኙ ፊቱ ጠቆረ። «አላልኩዎትም?» አለ። ጠጋኙም የቆመው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዱን ሞክሮ አልሆነም፣ ሌላውን ሞክሮ አልሆነም፣ ሁለቱን አንድ ላይ አልሞከረም። መቀርቀሪያውን የጣለው ሰልጣኙ ራሱ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን በድንጋጤ ቁልፉን ደጋግሞ ሲመታ ጎዶሎ ቁጥር ላይ አቆመ። ሲስተምዲም በታማኝነት መዝግቦ በየጠዋቱ መለሰለት። አንብሎክ አልን። ብርቱካኑ መብራት ነጭ ሆነ፣ የጎረቤት ካፌዎች ስም በስክሪኑ ላይ ተደረደረ።

ሥራውን በዚያው ምሽት ላከ፤ የዕቁብ ዕጣውም በተራው ደረሰው። ስቲከሩን አልጣለውም፤ በማብሪያዋ ልክ በመቀስ ቀዳዳ አውጥቶለት እስከ ዛሬ ይዞት ይዞራል።

ተመሳሳይ ችግር ያለበት ላፕቶፕ ያላችሁ ሰልጣኞች ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ስትመጡ የአርኤፍኪል ሊስትንና የዲሜሰጅን የመጨረሻ ሃያ መስመሮች በወረቀት ላይ ገልብጣችሁ፣ የማሽኑን ሞዴል ከሆዱ ላይ አንብባችሁ ጽፋችሁ አምጡ። ካርዱን ግን እስክንገናኝ አትፍቱት።